የጉድጓዱ ማሽላ ቀሪቦ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። በንጉሡ ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት የጭነት መኪና በከሚሴ በኩል እያቃሰተ ወደ ደሴ የሚወጣበት ዘመን ነው። የመጀመሪያ ልጄ በተወለደ ሰሞን ስለሆነ ከእሱ ዕድሜ ተነስቼ ላሰላው ብዬ ነበር። ብጠይቀው «አባ፣ እኔ የማውቀው አንተ ለመታወቂያ የነገርከኝን ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የነገርኩት በግምት ነው። ስለዚህ ሁለታችንም አናውቅም። ክረምቱ መውጫው ደርሶ አልወጣም ብሎ የቆየበት ዓመት እንደነበር ግን አልረሳውም። ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ዝናብ ነውና።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። አጻጻፌም እንደ አረማመዴ ዝግ ያለ ነው። የሚያነበኝ ሰው ይታገሠኝ።

መጀመሪያ ስለ መሐላው ልናገር፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም።

ሚስቴን ከማግባቴ በፊት የመኪና ረዳት ነበርኩ። አንድ ቀን ደሴ ላይ ሾፌሩ «ብርድ ነው፣ ቅመስ» ብሎ ጠጅ ሰጠኝ። ከዚያ በፊት መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ቀመስኩ፤ ደገምኩ። ከዚያ መንገድ ዳር ተቀምጬ ያለ ምክንያት ሳለቅስ አንድ የከሚሴ ነጋዴ አየኝ። እኔ ከሚሴ ሳልገባ ወሬው ቀድሞኝ ገባ። መኪናውንም በዚያው ተውኩት፤ እርሻ ያዝኩ። ግን ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ የልጅቱ አባት ሁለት ጊዜ መለሳቸው። በሦስተኛው የሰፈራችን ሼኽ ባሉበት ራሴን አስጠራኝ።

«ልጄን እሰጥሃለሁ» አለ። «ግን መጠጥ ደጃፍህን የረገጠ ቀን ልጄን በቅሎዬ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ለምን፣ እንዴት፣ ብትለኝ አልሰማህም። ትምላለህ?»

ማልኩ። ሼኹ ምስክር ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ጠብታ አልቀመስኩም። አማቴ ግን አላመነኝም። ቤቴ በመጣ ቁጥር ትከሻና ትከሻዬን ይዞ ወደ ፊቴ ጠጋ ይላል። ለሚያየው ሰው ሰላምታ ይመስላል፤ ማሽተት ነበር። እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን መያዝ ለመድኩ። ንጹሕ ሆኜ እንደ ሌባ እፈራው ነበር።

ችግሩ ደግሞ ጎረቤቴ ነው። ከአጥሬ ማዶ ባሏ የሞተባት አንዲት ክርስቲያን ሴትዮ ጠላ ትጠምቃለች። በሯ ላይ ረጅም እንጨት ተክላ ጣሳ ደፍታበታለች፤ ጠላ አለ ማለት ነው። እኔ እትዬ እላታለሁ። እሳት ስንበዳደር፣ ዶሮ ሲጠፋ ስንፈላለግ እንጂ ከደጇ ገብቼ አላውቅም። አማቴ በበሯ ሲያልፍ በጋቢው አፍንጫውን ይይዛል። እሷም አትተወውም። «ጋሼ፣ ሽታው እኮ አያሰክርም፤ ይልቀቁት!» ትለዋለች። እሱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ይልና በቅሎውን ይኮለኩላል።

እንዲህ ስንኖር ሚስቴ ወንድ ልጅ ወለደች። አርብ ነው የተወለደው። ሰባተኛው ቀን ሐሙስ ይውላል፤ በጉ ይታረዳል፣ ሽማግሎች ዱዓ አድርገው ስም ያወጣሉ። በዚያ ቀን ለእንግዳ የሚቀርበው ቀሪቦ ነው። የእኛ የእስላሞቹ መጠጥ ነው፤ አያሰክርም። ገብሱ እንደ ከሰል እስኪጠቁር ይቆላል፣ ይሰለቃል፣ በውሃ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ስኳር ገብቶበት አንድ ሌሊት ያድራል። በማግሥቱ ይጠጣል። ጥቁር ካልሆነ ቀሪቦ አይባልም። ሰው ከጠጣ በኋላ ከንፈሩን እያበሰ «እንዴት ያለ ጥቁር ነው!» ካላለ ቤቱ እንዳፈረ ይቆጠራል።

ይህን የሚሠራው ሴት ነው። የሚስቴ እናት ግን ሞታለች፤ ሚስቴ አራስ ናት። «እኔ ከመጋረጃ ውስጥ ሆኜ እነግርሃለሁ፤ አንተ ትሠራለህ» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ስንት የመኪና ጎማ የፈታሁ ሰው ገብስ መቁላት ያቅተኛል?

እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወረድኩ። ገብስ የሚያመጡልን ከላይ ከደጋው የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። ገበያው ሞልቷል፤ አፋሮቹ ግመላቸውን አንበርክከዋል፣ ፍየሉ ይጮኻል፣ የእህል ተራው ግን ባዶ ነው። ዝናቡ የገደሉን መንገድ አንሸራታች አድርጎት ደገኞቹ አልወረዱም። አንዲት ሴት በመሐረብ የቋጠረችው ሁለት እፍኝ ገብስ ነበራት፤ እሱንም ለታመመ ሰው ነው አለችኝ። ባዶ ስልቻ አንጠልጥዬ ተመለስኩ።

«ገብስ የለም» አልኳት።

ሚስቴ ከመጋረጃው ኋላ ናት፤ ሕፃኑ ሲጠባ ይሰማኛል። ከዚያ «ማሽላ አድርገው» አለች። «እናቴ በክፉ ዓመት በማሽላ ትሠራው ነበር። ብቻ በደንብ አጥቁረው። ማሽላ ቶሎ ያረረ ይመስልና ውስጡ ነጭ ነው፤ እንዳያታልልህ።»

የትኛውን ማሽላ እንደማደርግ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም።

በእኛ አገር ማሽላ የሚቀመጠው በጉድጓድ ነው። መሬቱ ይቆፈራል፣ በጭድ ይለበዳል፣ እህሉ ይሞላል፣ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይዘጋል። በዚያ ክረምት ጉድጓዴ ውሃ ገባው። ሚስቴ ልትወልድ ጥቂት ቀን ሲቀራት ከፍቼ ሳይ በአንድ በኩል ያለው እህል አብጦ ነጭ ጭራ አውጥቷል። ክው አልኩ። ያን ሁሉ አውጥቼ ቁርበት ላይ አሰጣሁት፤ ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር እያገላበጥኩ አደረቅሁት። ሲደርቅ ጭራው ከፊሉ ረገፈ፣ ከፊሉ ቀረ። በስልቻ አድርጌ ከጓዳው ጥግ አቆምኩት። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ቀኗ የደረሰ ሴት እህል ተበላሸ ተብላ ትደንግጥ? ስትወልድም አራስ ናት ብዬ ተውኩት። ለዶሮ እሰጠዋለሁ እያልኩ ሳልሰጥ ቆየሁ።

ታዲያ ደህናው ማሽላ ለእንጀራ ነው፤ እንግዳ ይበላዋል። ይኸኛው የተበላሸ ነው፤ ከጠቆረ በኋላ ማን ይለየዋል? እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መቁላት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ምጣድ እንደተነገረኝ አጠቆርኩት። ጭሱ ግን ጣራውን ሞልቶ መጋረጃውን አልፎ ገባ። ሕፃኑ ሳለ። የሦስት ቀን ልጅ ሲስል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ጫጩት ነው። ሚስቴ «ኧረ በአላህ፣ ልጁን ልትገድለው ነው!» ስትል እሳቱን ቀነስኩት። የቀረውን ከግማሽ የሚበልጠውን ማሽላ ሞቅ ሞቅ አድርጌ ብቻ አወጣሁት። ቀላ እንጂ አልጠቆረም። ከጠቆረው ጋር ቀላቀልኩትና ውጭ ወጥቼ በሙቀጫ እወቅጥ ጀመር።

እትዬ ከአጥር ማዶ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«እሰይ! የወለድከው አንተ ነህ እንዴ? ወገብህን ጠበቅ አድርገህ እሰር፤ አራስ እንዲህ አያጎነብስም!»

«እትዬ፣ ተይኝ።»

«ሙቀጫውን ነው የምትወቅጠው ወይስ መሬቱን? ዘነዘናውን ከላይ ያዘው!»

መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በልቤ ግን ቶሎ ቶሎ ጨርሼ መግባት ነው የፈለግሁት።

ሚስቴ አፍላው ብላኝ ነበር፤ ጭሱ እንዳይመለስ ፈርቼ እሳቱን ገና ውሃው ሞቅ እንዳለ አጠፋሁት። ዱቄቱን በዚያ ውስጥ ነክሬ ዋልኩ። ማታ ጠልዬ በጋኑ አደረግሁና ስኳር ጨመርኩበት። በማግሥቱ ሳየው እንደ ጎርፍ ውሃ ቀላ ያለ ነው። አፈርኩ። ሚስቴ አንድ ሌሊት ብላኛለች፤ እኔ ግን ቢቆይ ይጠቁራል ብዬ እስከ ሐሙስ ተውኩት። ረቡዕ ቀመስኩት፤ ትንሽ ኮምጠጥ ብሏል። ሌላ ስኳር ጨመርኩ። ጋኑ ውስጥ እንደተኛ ድመት የሚያንኮራፋ ድምፅ ይሰማኛል። የከሚሴ ሙቀት ነው ብዬ በጨርቅ ሸፈንኩት። ያች አንዲት የጠጅ ቀን ካልሆነች መጠጥ በአፌ አልዞረም፤ እንዴት እንደሚጠመቅም አይቼም ሰምቼም አላውቅም፤ ከየት አምጥቼ ልወቀው?

ሐሙስ በጉ ታረደ። ሽማግሎቹ ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ። አማቴ በበቅሎው መጣ፤ ትከሻዬን ይዞ ጠጋ አለ፤ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ለቀቀኝ። ሼኹም መጡ። እሳቸው ሐሙስ ሐሙስ ይጾማሉ። ቀሪቦውን ስቀዳ «ልጄ፣ የእኔንም ቅዳና ከፊቴ አስቀምጥልኝ፤ መግሪብ ሲደርስ በእሱ አፈጥራለሁ፤ ቀሪቦ እወዳለሁ» አሉኝ። ቀዳሁላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከጉልበታቸው አጠገብ አስቀመጡት።

አማቴ ነው መጀመሪያ የጠጣው። ጎንጨት አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ዋንጫውን ጨለጠው።

«ኩን ማሊ?» አለ፤ ይኼ ምንድነው ማለቱ ነው። እኔ ደንግጬ ቆምኩ። «ከምን ሠራኸው?»

«ከማሽላ ነው አባ። ገብስ ጠፋ።»

«ማሽላ እንዲህ ይጣፍጣል? የልጄ እናት ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ ቀሪቦ አልጠጣሁም። ጨምርልኝ!»

ጨመርኩ። ሌሎቹም «ለእኔም፣ ለእኔም» አሉ። ዱዓው ተጀመረ፤ ከዚያ መንዙማው። አማቴ ማጨብጨብ የማይወድ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ከሁሉም በላይ ያጨበጭባል። ከድቤው ጋር አይገጥምም፤ ግድ የለውም። ጭኔን መታ አድርጎ «ኢልማኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለት ነው። ካገባሁ ጀምሮ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ጥርሱን ያየሁትም ያን ቀን ነው፤ ከፊት አንድ እንደጎደለው አላውቅም ነበር።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? ልጅ ተወለደልኝ፣ አማቴ ወደደኝ፣ ቀሪቦዬ ተወደደ። አንደኛው ሽማግሌ ስለጠፋች ላሙ የነገረንን ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሌላው ጥምጣሙ አንድ ጆሮው ላይ ወርዶ ዝም ብሎ ይስቃል። የልጄ በረከት ነው ብዬ አሰብኩ።

ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ ልሞላ ወደ ጓዳ ገባሁ። እትዬ ለአራሷ ገንፎ ይዛ በጓሮ በር መጥታ ኖሯል። ከጋኑ አጠገብ ቆማለች፤ ጨርቁን ገልጣ ጭልፋውን ይዛለች። አልጠጣችም፤ ታሸታለች።

«ይኼ ምንድነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ቀሪቦ ነው።»

«ለሰዎቹ ሰጥተሃል?»

«አዎ። ወደዱት።»

«ይወዱታላ!» አለች። ፊቷ ግን አልሳቀም። «አንተ ሰው፣ ይኼ እኮ ጣሳ የሚሰቀልለት ነው።»

አልገባኝም። በእርግጥ አልገባኝም። ጭልፋውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው። ያን ጊዜ ደሴ ታየኝ። መንገድ ዳር ተቀምጬ ሳለቅስ ታየኝ። ጠጅ አይደለም፣ ሽታውም ሌላ ነው፤ ከስኳሩ በታች ያለው ያ የሚቆጠቁጥ ነገር ግን እሱ ነው።

ስለ ድንጋጤ ሰው ብዙ ይናገራል። ልቤ ቀጥ አለ ይላል፣ ደሜ ደረቀ ይላል። የእኔ እንዲያ አልነበረም። ጆሮዬ ነው የተዘጋ። የእትዬ አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ የለም። እጄን ሳየው ማንቆርቆሪያውን ይዟል፤ የእኔ እጅ አይመስለኝም። ከዚያ ጆሮዬ ሲከፈት መጀመሪያ የሰማሁት የአማቴን ጭብጨባ ነው።

«በምን እህል ነው የሠራኸው?» ትለኛለች።

ስልቻውን አሳየኋት። እጇን ከታ እፍኝ አወጣች። ጭራ ጭራውን በጣቷ ነካካችው።

«ብቅል! ብቅል ነው ያደረግከው! ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ጉድጓዱ ውሃ ገብቶት ነው።»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ በጓዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ አየሁ። ፀሐይዋ በምዕራብ ካለው ተራራ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊሆን ትንሽ ብቻ ነው የቀረው። ያን ጊዜ የሼኹ ዋንጫ ትዝ አለኝ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ከማን እደብቃለሁ? መጀመሪያ ያሰብኩት ዝም ማለትን ነው። ሰዎቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፣ ተኝተው ይነሳሉ፣ ማን ያውቃል? ብናገር አማቴ ምክንያት አልሰማም ብሏል። ሚስቴ ትሄዳለች። የሰባት ቀን ልጄ በበቅሎ ላይ ይሄዳል። ዝም ብል ግን ያ የጾሙ ሽማግሌ፣ ለእኔ መሐላ ምስክር የሆኑት፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልነካ አፋቸውን በእኔ እጅ በተሠራ መጠጥ ይከፍታሉ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ባለሁበት ቆሜ ነው።  እትዬ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችው።

ገባሁ። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ሼኹ ዋንጫውን አንስተው በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ያደርጋሉ። ተንበርክኬ የዋንጫውን አፍ በመዳፌ ከደንኩ።

«ሼኽዬ፣ አይጠጡት።»

መንዙማው ቆመ።

«ምነው ልጄ?»

«መጠጥ ሆኗል።»

«ምን?»

«ሳላውቅ መጠጥ ሆኗል። የሚያሰክር ነው። ሁላችሁም...»

 አንዱ ሽማግሌ የያዘውን ዋንጫ እባብ እንደያዘ ሰው ወረወረው። ሌላው «አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ» እያለ ምላሱን በጋቢው ይጠርጋል። ስለ ላሙ የሚያወራው አፉን ከፍቶ ቀረ። ሼኹ ዋንጫውን ዝቅ አድርገው መሬት አስቀመጡት፤ እጃቸውን አራግፈው አዩት።

አማቴ ግን አልጮኸም። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

«ማልህልኝ ነበር» አለ።

«አዎ አባ።»

«መጠጥ ቤትህ ገባ?»

«ገባ አባ።»

«ማን አስገባው?»

«እኔ።»

«በልጅህ ስም ማውጫ።»



«በቅሎዬን ጫኑልኝ» አለ። «ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።» ብድግ አለ። ጉልበቱ ከዳው። ከጎኑ ባለው ሽማግሌ ጭን ላይ ተቀመጠ። ማንም አልሳቀም። እሱም ራሱ ጉልበቱን ዝቅ ብሎ አየው፤ የማን ጉልበት ነው የሚል ይመስላል። ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠ። ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ነገር ሰውነቱ ውስጥ መግባቱን ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ዓይኑ እንባ ሞላ። አንድ ሺህ ጊዜ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ ቃል ልናገር?»

ዞር ስንል እትዬ ናት። በጓሮ በር ወጥታ ዞራ ከፊት በር መጥታለች። የበሩን ደፍ አልረገጠችም፤ ከውጭ ቆማለች። ስልቻውን ታቅፋለች።

«ተናገሪ» አሏት ሼኹ።

«ምን አገባት?» አለ አማቴ። «ከአጥር ማዶ ሆና ያስተማረችው እሷ ናት!»

«ጋሼ፣ እኔ ባስተምረውማ እንዲህ አድርጎ ያበላሸዋል? ይኼን የመሰለ ከእኔ ቤት ቢወጣ ጣሳዬን አውርዶ የሚወረውርብኝ ብዙ ነው።» ትንፋሽ ወሰደች። «እኔ በጠላ ነው የምኖረው፤ አልደብቅም። ስለዚህ እዚህ ካላችሁት ሁሉ ይኼን ነገር የማውቀው እኔ ነኝ። ጠላ ጌሾ አለው። ያለ ጌሾ ጠላ የሚጠምቅ ሰው የለም። መጠጥ የለመደ፣ መጠጥ ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጌሾ ነው። ቤቱን ፈትሹ፤ አንዲት ቅጠል ካገኛችሁ እኔ ሐሰተኛ ልሁን። ይኼ ምስኪን ያደረገበት ስኳር ነው! ስኳር! በጠላ ላይ!»

ሼኹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

እትዬ ጎንበስ ብላ ስልቻውን ከደፉ ላይ ዘረገፈችው። ማሽላው እስከ ምንጣፉ ጫፍ ተበተነ።

«ጭራውን እዩት። እኔ ሆን ብዬ ነክሬ፣ ቅጠል አልብሼ፣ ስንት ቀን ጠብቄ ነው የማበቅለው። ለእሱ ጉድጓዱ አበቀለለት። ገብስ አጥቶ ይኼን ቆላ፤ ልጁ በጭስ ሲስል ሳያሳርረው አወጣው። ከአጥር ማዶ ሆኜ ሰምቼአለሁ። ባሳረረው ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። ጥፋቱ ይኼ ነው። ሌላ የለበትም።»

አማቴ እጁን ዘርግቶ አንዲት ፍሬ አነሳ። በጥርሱ ሰበራት። ገበሬ ነው፤ እህል አይዋሸውም። ቆየ፣ አላመጠ።

«የጉድጓድ ነው» አለ በመጨረሻ። «ውሃ የገባው።»

ከመጋረጃው ኋላ የሚስቴ ድምፅ መጣ። «አባ፣ ማሽላ አድርገው ያልኩት እኔ ነኝ። የእኔ ቃል ነው። ይኼንንም ቁጠርብኝ።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ቆይ፣ ቆይ! ጉድጓዱ ውሃ ገብቶት ነበር? አንተ ሰውዬ! ስንት ቁና ተበላሸ?»

ሼኹ ናቸው መጀመሪያ የሳቁት። ከዚያ ባለ ጥምጣሙ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ሼኹ ዝም ካሰኙ በኋላ እንዲህ አሉ። «የጠጣችሁት ሳታውቁ ነው፤ አላህ ይምራችኋል። አሁን ካወቃችሁ በኋላ ዋንጫውን የነካ ግን ከራሱ ጋር ይነጋገር። ይኼ ልጅ ዋንጫዬን በመዳፉ ሲከድን ምን እንደሚያጣ እያወቀ ነው የከደነው። እኔ ምስክርነቴን ዛሬም አልለወጥኩም።» ወደ አማቴ ዞሩ። «አንተም ጉልበትህ እስኪጸና ተቀመጥ። ልጅ የሚወሰደው በቆመ እግር ነው።»

ውሃ አመጣሁ፤ በውሃ አፈጠሩ። ሽማግሎቹ አፋቸውን ደጋግመው ተጉመጠመጡ። ራሳቸው እስኪጠራ መስገድ ስለማይችሉ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ተቀመጡ። መግሪብን የሰገድነው ሼኹና እኔ ብቻ ነን፤ እኔ ስቀዳ እንጂ ስጠጣ አልነበርኩምና።  ጋኑን ወስጄ ጓሮ ደፋሁት፤ የእትዬ ዶሮዎች አተላውን ሲለቅሙ «ውይ፣ ዛሬ ደግሞ የእኔ ዶሮዎች ሊዘፍኑ ነው!» ስትል ሰማኋት። የልጁ ስም ከማታው ሶላት፣ ከዒሻ በኋላ ወጣ።

አማቴ ያን ቀን በቅሎው ላይ መውጣት ስላልቻለ እኔ ቤት አደረ። ቤቴ ሲያድር የመጀመሪያው ነው። ጠዋት በቅሎውን ጫንኩለት። ሊሄድ ሲል እንደ ልማዱ ትከሻዬን ይዞ ጠጋ አለ። እኔም እንደ ልማዴ ትንፋሼን ያዝኩ። እሱ ግን አላሸተተኝም። አፉን ከፍቶ «ሃ» ብሎ ተነፈሰብኝና «አሽተኝ» አለ። «ለቆኛል?»

«ለቆዎታል አባ» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትከሻዬን ሲይዝ ለሰላምታ ብቻ ነው። በጣሳው በር ሲያልፍም አፍንጫውን መያዝ ተወ። ደህና አደርሽ ይላል፤ ቀና ብሎ ግን አያያትም።

እኔ እስከ ዛሬ ደጇን አልረገጥኩም፤ መሐላዬ መሐላ ነው። ነገር ግን ማሽላ በተሰበሰበ ቁጥር አንድ ቁና አጥሩ ላይ አስቀምጥላት ነበር። እሷም አንስታ እፍኝ ዘግና ብርሃን ላይ ታየዋለች። «ጭራ አለው የለውም?» ብላ ትጮኻለች። እኔም «የለውም እትዬ!» እላታለሁ። እስክትሞት ድረስ እንዲህ ተባባልን።

ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ያን ቀን ያተረፉህ ሼኹ ናቸው ይሉኛል። ሼኹ ደግ ፈረዱ፤ ግን የሚፈርዱበትን ነገር ይዛ የመጣችላቸው ሌላ ሰው ናት። ሚስቴን፣ ልጄን፣ ቤቴን ይዤ እንድቀር ያደረገችኝ፣ ከደፉ ውጭ ቆማ ስለ ጌሾ የተናገረችልኝ፣ ከአጥሬ ማዶ የነበረችው ጠላ ጠማቂዋ እትዬ ናት።